ቤተ ዘመድ ያጣው ቅጠል

ነጅዋ ኡስማን ቅጠሉን ያገኘችው አገር ምድሩ በለውጥ ወሬ ሞቅ ባለበት ሰሞን ነው። «አገኘችው» የሚለው የሳይንስ አነጋገር ነው። አክስቷ ሀጀራ፣ የሀጀራ እናትና የእናትየው እናት ከአምባሰል ገደል ሥር ባለችው ተዳፋት ማሳቸው ጥግ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ሲቆርጡት፣ ሲያሹት፣ ለታመመ ሲያጠጡት ኖረዋል። ይሁንና አንዳቸውም ሁለተኛ ዲግሪ ስላልነበራቸው እንዳገኙት አይቆጠርም። ቅጠሉ እንዲገኝ ነጅዋ ተምራ፣ ማጉያ መስተዋት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሐይቅ ውጫሌ በሚኒባስ፣ ከውጫሌ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ፣ ላብ በላብ ሆና መድረስ ነበረባት።

«እቴቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ተንበርክካ።

«አብርድ ነዋ!» አለች ሀጀራ፣ ይቺ ልጅ በትምህርት ብዛት ደነዘዘች እንዴ በሚል ዓይን እያየቻት። «ልጅ ሆነሽ ባተኮሰሽ ቁጥር ያጠጣሁሽ። ፊትሽን እያኮማተርሽ ስትተፊብኝ የነበረውን ረሳሽው?»

«ሌላ ቦታ ይበቅላል?»

«እኔ ምን አውቄ የኔ ዓለም? እናቴ እዚህ አሳየችኝ፣ እዚሁ እቆርጣለሁ።»

ነጅዋ ማጉያ መስተዋቷን ዓይኗ ላይ ደቀነች። ደሴ የተክል ሳይንስ መምህርት ናት፤ ለሦስተኛ ዲግሪዋ አንድ ቁም ነገር ያለው ተክል ፍለጋ ጫማ ስትጨርስ ከርማለች። አሁን ከፊቷ የቆመው ደግሞ ከናና ቤተሰብ ለመሆኑ ምስክር የማያሻው ነገር ነበር። ግንዱ አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አበባው እንደ ከንፈር ከላይና ከታች ተከፍሏል። ሲያሹት ደግሞ ይሸታል። በሶብላም፣ ጦስኝም፣ ዳማከሴም እንዲሁ ናቸው። ችግሩ ከቤተሰቡ ወደ ወገኑ ሲወረድ ነው። አበባውን ያየ ዳማከሴ ነው ይላል፤ ፍሬውን ያየ ጥንጁት ነው ይላል፤ የአበባውን ውስጥ ከፍቶ ወንዴ ዘንጎቹን የቆጠረ ደግሞ ግራ ገብቶት መጽሐፉን ይዘጋል። ሽታውም የማንንም አይመስልም። የአዲስ አበባው አማካሪዋ ዶክተር ሙሉአለም «ዳማከሴ ነው፣ አትድከሚ» አላት። ሌላው ፕሮፌሰር የለም ጥንጁት ነው አለ። ሁለቱ ምሁራን ድሮውንም አይነጋገሩም ነበርና ቅጠሉ አንድ የማይነጋገሩበት ተጨማሪ ምክንያት ሆነላቸው።

በዚያ ዘመን ማን ነህ፣ ከየት ነህ፣ ወገንህ ማን ነው ያልተባለ ፍጡር አልነበረም። ሰው ኬላ ላይ መታወቂያውን ያወጣል። ተክል መታወቂያ ስለሌለው ዘረመሉ ይመረመራል፤ ወረፋው ሲደርስ ቅጠሉም አልቀረለትም። ነጅዋ ለጋ ቅጠሎች ቆርጣ፣ እርጥበት በሚመጥ ዱቄት አድርቃ፣ ዲኤንኤ ወደሚያነብ የውጭ ላቦራቶሪ ላከች። እዚያ የቅጠሉን ዲኤንኤ እንደ ጽሑፍ ያነቡና ከሌሎቹ የናና ዘመዶች ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩታል። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ከማን መቼ እንደተለየ የሚያሳይ የዘር ሐረግም ይስላሉ። ዲኤንኤ እንደ ምሁር አያኮርፍም። ያው ግን ወረፋ አለው፤ ውጤቱ ይዘገያል ተባለች።

እዚህ ላይ ዝም ብላ መጠበቅ ነበረባት። ሰው ግን ደስታው አፉን ይበላዋል። ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላች ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለአቶ ሙሐዲን «ምናልባት በዓለም ላይ ሌላ የትም የሌለ ሊሆን ይችላል» አለችው። አቶ ሙሐዲን «ምናልባት» የምትለዋን ከአጥንቱ ጋር ተፋት። በሳምንቱ የብርቅዬ ዕፅዋት ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በሁለተኛው ሳምንት ባነር ታተመ፤ «ብርቅዬያችንን እንጠብቅ» የሚል፣ ሥሩ ላይ የቅጠሉ ሳይሆን የአቶ ሙሐዲን ፎቶ ያለበት። ቅጠሉ ምን ተብሎ ይሰየም በሚለው ላይ ሙሉ ቀን ተከራከሩ። አንዱ አምባሰል ይባል አለ፣ አንዱ ለውጥ ይባል አለ፣ አንዱ ደግሞ የአጎቱን ስም አቀረበ። «አብርድ» የሚል ስም እንዳለው ያነሳ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ኮሚቴው ለጉብኝት ዳገቱን ወጣ። እንግዲህ የወሎ ሰው የሚሸት ቅጠል አይቶ አያልፍም። ይቆርጣል፣ በመዳፉ ያሻል፣ ይስባል፣ «ያ ሰላም!» ይላል፣ የቀረውን አፍንጫው ውስጥ ይወትፋል። ይሄ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው፤ ስብሰባ አያስተወውም። አቶ ሙሐዲን ይህን ተክል የነካ በሕግ ይጠየቃል የሚለውን ንግግር ያደረገው ከግራ አፍንጫው አንድ ጫፍ ብቅ ብሎ ነው። አባላቱ በየተራ እየቆረጡ አጨበጨቡ። ሲሄዱ ከቁጥቋጦው የቀረው ግማሹ ነበር።

«ኧረ በረቢ! እነዚህ ሊጠብቁት ነው የመጡት?» አለች ሀጀራ፣ ጀርባቸውን እያየች።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ሳቅ ብቻ በሆነ። ግን ጥበቃ ማለት አጥር ማለት ነው፤ አጥሩ ደግሞ ከገደሉ ሥር እስከ ወንዙ እንዲሆን ተወሰነ። ከገደሉ ሥር እስከ ወንዙ ያለው የሀጀራ ማሳ ነው፤ ሌላ መሬት የላትም። ባሏ ሞቷል፤ ሁለቱ ልጆቿ ዓረብ አገር ናቸው። ነይ እኛ ዘንድ ወይም ከተማ ቤት እንከራይልሽ ሲሏት «መሬቴን ለማን ጥዬ?» ብላ ስልኩን የምትዘጋ ሴት ናት። ምትክ ቦታ ይሰጥሻል አሏት። የት ነው ስትል በጥናት ላይ ነው አሏት። በጥናት ላይ ያለ መሬት ማሽላ እንደማያበቅል ለማወቅ መማር አያስፈልግም። አጥሩ የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የላቦራቶሪውን ውጤት። ቅጠሉ ብርቅዬ ከሆነ መሬቱ ይታጠራል፤ ተራ ከሆነ ሀጀራ ማሳዋን ታርሳለች።

ነጅዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለት ልብ መጸለይ ያዘች። ሰላት ላይ ያ ረቢ አዲስ ወገን አድርገው ትላለች፤ የአክስቷ እጅ ትዝ ሲላት ደግሞ ያ ረቢ ዳማከሴ አድርገው ትላለች። አላህ የትኛውን ዱዓ እንደሚቀበል ግራ ሳይገባው አይቀርም። በገዛ አፏ ነው አክስቷን እዚህ ያደረሰቻት፣ ይህንን ደግሞ አሳምራ ታውቀዋለች፤ እንቅልፍ የምታጣበት ነገር ይሄው ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ግን ውጤቱ ሳይሆን ጦርነቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሐይቅ መንገድ በሰው፣ በከብትና በፍራሽ ተሞላ። ሁሉም ወደ ደሴ ይጎርፋል፤ ከደሴ የሚመጣው ደግሞ ደሴም አይሆንም ይላል። ጽሕፈት ቤቱ ሰነዱን ትቶ፣ ወንበሩን ትቶ፣ ባነሩንም ሳያወርድ ተሰደደ። ያንን ባነር በኋላ አንድ የተፈናቀለ ቤተሰብ አውርዶ የዳስ ጣሪያ አደረገው። ዝናብ አላሳለፈም፤ ከታተመበት ዓላማ የበለጠ አገለገለ። ነጅዋ ወደ ደሴ መሄዱን ትታ አክስቷ ዘንድ ዳገቱን ወጣች። ጋዜጣ መሀል ተጭነው የደረቁት የአብርድ ናሙናዎቿ ደሴ ቢሮዋ ውስጥ ቀሩ።

ጤና ኬላው ባዶ ነበር፤ አልጋው ሳይቀር ተወስዷል። ስለዚህ ያተኮሰው፣ ያንቀጠቀጠው፣ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ወደ ሀጀራ መጣ። ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ እናቶች መጡ። የሰፈር ሚሊሻ መጣ። አንድ ቀን ደግሞ ከወዲያኛው ወገን የሆነ፣ ጺም እንኳ ያላወጣ ታጣቂ መሣሪያውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ እየተንዘፈዘፈ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሀጀራ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ያመጣችሁን ድራሹን ያጥፋው!» አለችው። ከዚያ ቀንበጥ ቆርጣ፣ አሽታ፣ በጣሳ ጨምቃ ሰጠችው። «ጠጣ! አታኮማትር። እናትህስ የት እንዳለህ ታውቃለች?»

ልጁ ጠጥቶ አለቀሰ። ሀጀራም አለቀሰች፤ እያለቀሰችም መራገሟን አላቆመችም። አብርድ የማንንም ወገን ሳይጠይቅ ትኩሳት አወረደ። በየቀኑ ግን አጠረ፤ ቅጠሉ አለቀ፣ ቀንበጡ አለቀ፣ ቅርንጫፉ ተቆረጠ። ነጅዋ አንዳንዴ በመስኮት እያየች ልትናገር አፏን ትከፍትና ሕፃን ያዘለችውን ሴት አይታ ትዘጋዋለች። ለእናትየው የዲግሪዬ ጉዳይ ነው ብላ ማስረዳት አልቻለችም።

በመጨረሻ እሷም ታመመች። ራሷ ተሰነጠቀ፣ አጥንቷ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ሀጀራ ቀና አድርጋ መራራ ነገር አጠጣቻት፤ ነጅዋ እንደ ልጅነቷ ፊቷን አኮማተረች፤ ጠጣችው። ላብ አጥምቋት ስትነቃ ጠዋት ነበር።

«እቴቴ፣ ምንድን ነው ያጠጣሽኝ?»

«ያንኑ ያንቺን ነዋ! የቀረችውን።»

«የቀረችውን?»

«አንዲት ቅርንጫፍ ነበረች። ለማን ላስቀምጥ? ላንቺ ያልሆነች ለማን ትሁን?»

ነጅዋ ግድግዳው ላይ አፈጠጠች። ምናልባትም በምድር ላይ ብቸኛ የሆነውን፣ ሳይንስ ገና ስም ያላወጣለትን ተክል የመጨረሻዋን ቅርንጫፍ በጣሳ ጨልጣታለች። ሊቃውንት ብዙ ተክል አጥንተው ይሆናል፤ አጥንቶ የጨረሰ ግን እንደሷ የለም። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ሄደ፤ ሀጀራ ጀርባዋን እየደበደበች «አብሽሪ፣ ሥሩን አልነካሁም» አለቻት።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ። ነጅዋ ደሴ ወርዳ ቢሮዋን ስታይ በሩ ወልቋል፣ ወለሉ መሀል የአመድ ክምር አለ። የደረቁት ናሙናዎች ከነጋዜጣቸው ማገዶ መለኮሻ ሆነዋል። ማን እንደለኮሳቸው አልታወቀም። ብርድ ነበረ። ነጅዋ አመዱን በጫማዋ ነካ ነካ አድርጋ ወጣች፤ ሰው ባለቀበት አገር ለቅጠል ማልቀስ አሳፈራት።

በልግ ሲዘንብ አንድ ነገር ሆነ። ከሀጀራ ማሳ ጥግ፣ ከዚያው ሥር፣ አንዲት ቡቃያ አራት ማዕዘን ግንዷን ይዛ ብቅ አለች። ኔትወርክም እንደዚሁ ብቅ አለና ላቦራቶሪው ከላከ የሰነበተው ኢሜይል ስልኳ ውስጥ ገባ። ነጅዋ መንገድ ዳር ቆማ አነበበችው። የላክሽው ቅጠል ዳማከሴ አይደለም፣ ጥንጁትም አይደለም፣ ከምናውቃቸው ወገኖች በአንዱም ውስጥ አይገባም ይላል። በዘር ሐረጉ ላይ ብቻውን የቆመ ቅርንጫፍ ነው፤ ከቅርብ ዘመዶቹ የተለየው ሰው የሚባል ፍጡር በምድር ላይ ሳይኖር ነው ይላል። ደግማ አነበበችው። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋባት፣ አልሰማችም። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏትም ፈርታም አታውቅም።

ዶክተር ሙሉአለም በስልክ ጮኸ። «አዲስ ወገን ነው ነጅዋ! እኔ ድሮም ብዬሽ ነበር!» ድሮ ያላት ግን «ዳማከሴ ነው» ነበር። «በዲኤንኤ ፊደል ብቻ ግን ስም አይወጣም። አበባ ያለው ሙሉ ናሙና ያስፈልጋል። እንደምንም አምጪ፤ አበባ ከሌለው ዋጋ የለውም።»

አበባው የሚወጣው መስከረም ላይ ነው። አቶ ሙሐዲን ግን መስከረምን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ከስደት ተመልሶ፣ አዲስ ወንበር አግኝቶ፣ መልሶ ማቋቋሚያ በሚል የአጥሩን ሽቦ አስመጥቶ ጨርሷል። ሽቦው ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ተከምሮ ዝናብ ይመታዋል። ሽቦ ደግሞ ካልታጠረበት ሪፖርት አይሆንም። ሰኔ ላይ ኮሚቴውን ሐይቅ ከተማ ጠራ። ተመራማሪዋ ውጤቱን ታቀርባለች፣ ባለይዞታዋ ሀጀራም ትገኛለች ተባለ።

ነጅዋ ስታሰላ ሰነበተችና አንድ ብልሃት አገኘች። በእሷ ቤት ብልሃት መሆኑ ነው። ለኮሚቴው ቅጠሉ ተራ ዳማከሴ ነው ትላለች። ሽቦው ሌላ ነገር ይፈልግለታል፤ የአክስቷ ማሳ ይተርፋል። መስከረም ላይ ቡቃያዋ ስታብብ ናሙናዋን ቀስ ብላ ትወስድና ቦታውን በደፈናው «አምባሰል» ብላ ታሳትማለች። አምባሰል ሰፊ ነው። አክስትም መሬቷን፣ ሳይንስም ወገኑን፣ እሷም ዲግሪዋን ያገኛሉ። የሚጎዳ የለም።

ለሀጀራ ቀድማ መንገር ነበረባት። ግን ሀጀራ ውሸት አፏ ላይ የማይበስል ሰው ናት። ጎረቤት ምስጢሩን ከሷ የሚደብቀው ሐሜተኛ ሆና አይደለም፤ ከተጠየቀች እንዳለ ስለምትናገር ነው። አቶ ሙሐዲን ገና «እማማ ሀጀራ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ሲል ሁሉን ነገር ከነኢሜይሉ ትዘረግፈዋለች። ስለዚህ ነጅዋ ከስብሰባው በኋላ፣ ማታ ቤት ስንገባ እነግራታለሁ ብላ ወሰነች።

አዳራሹ ሞላ። ሀጀራ ለዒድ የምትለብሰውን ሻሽ አስራ ከፊት ተቀመጠች። አቶ ሙሐዲን ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ለውጡ፣ ስለ ዕፅዋትና ስለ ራሱ ሲናገር ከቆየ በኋላ «ዶክተር፣ እንግዲህ ውጤቱን ያብስሩን» አለ። ነጅዋ ዶክተር እንዳልሆነች ነግራው ነበር፤ አልሰማትም።

ተነሳች። 

«ውጤቱ መጥቷል» አለች። «ተክሉ ዳማከሴ ነው። በቦታው ብርድና ጥላ ምክንያት መልኩን ትንሽ የለወጠ፣ ተራ ዳማከሴ። በየጓሮው ያለው ማለት ነው።»

 አቶ ሙሐዲን ለሽቦው ደነገጠ። «ዲኤንኤው ነው እንዲህ ያለው?»

«ዲኤንኤው ነው።»

«አይደለም!» የሚል ድምፅ ከፊት ተሰማ። ሀጀራ ቆማለች። «ዳማከሴማ ጓሮዬ ሞልቷል! ዳማከሴና አብርድ የማለይ መሰላችሁ? እናቴም ለየብቻ ነው ያሳየችኝ። በዚያ በጦርነቱ ያን ሁሉ ሰው ያዳነው እኮ ዳማከሴ አይደለም!»

«እማማ፣ አሽትተው ነው ያወቁት?» አለ ከኋላ አንዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«እማማ ሀጀራ፣ ይቀመጡ» አለ አቶ ሙሐዲን፣ እሱም እየሳቀ። «ይሄ የዲኤንኤ ጉዳይ ነው። በአፍንጫ የሚሠራበት ዘመን አልፏል።» ይህን ያለው አፍንጫው ውስጥ ብርቅዬ ወትፎ ሕግ ያወጀው ሰው ነው።

ሀጀራ አልተቀመጠችም። የሳቁትንም አላየቻቸው። ወደ ነጅዋ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ ንዴት አልነበረም፤ ግራ የተጋባች፣ ያረጀች ሴት ሆና ነበር የታየችው። ነጅዋ አክስቷ ያረጀች መሆኗን ያየችው ገና ያን ጊዜ ነው።

«ነጅዋ፣ እስቲ እኔን እዪኝ። ወላሂ በዪ።»

በእነዚያ ተራሮች ሥር የወሰን ክርክር፣ የፍየል ክርክር፣ የጋብቻ ክርክር ወላሂ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ሰው ወላሂ ካለ ወዲያ መጠራጠር ነውር ነው፤ ሐሰት ከሆነ እዳው በማለው ሰውና በጌታው መሀል ነው። ሀጀራ ከኮሚቴውም፣ ከላቦራቶሪውም በላይ ያላትን ፍርድ ቤት ነው የጠራችው። ነጅዋ ማሳውን አሰበች። ግቢው ውስጥ የተከመረውን ሽቦ አሰበች። ማታ እነግራታለሁ አለች በልቧ፣ ማታ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ አላህም የሆዴን ያውቃል።

«ወላሂ» አለች።

ሀጀራ ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች። «እንግዲያው ነው» አለችና ተቀመጠች።

ኮሚቴው ሐዘኑን በተጠበሰ ዓሣ አስታመመ። ሽቦው ሌላ ቦታ እንዲውል ወዲያው ተስማሙ፤ አንድ አባል በአጎቱ መሬት አካባቢ ታሪካዊ ሊሆን የሚችል ድንጋይ እንዳለ ጠቆመ። ነጅዋ ጥላቸው ብትነሳ ያስጠረጥራል ብላ አብራ ተቀመጠች። ሀጀራ ምሳ አልበላም ብላ ቀድማ ሄዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ወደ ውጫሌ የሚሄድ መኪና ታጣ። ነጅዋ ሐይቅ አደረች። የምትናገረውን እያዘጋጀች፣ እያፈረሰች፣ እንደገና እያዘጋጀች ነጋላት። እቴቴ ዋሽቼሻለሁ፤ የዋሸሁት ላንቺ ብዬ ነው፤ ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፤ አብርድን የሚመስል በዓለም የለም። እንዲህ ስትላት የአክስቷ ፊት እንዴት እንደሚበራ እያሰበች፣ ስኳር ገዝታ፣ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዛ ሄደች።

ዳገቱን ወጥታ ስትደርስ ፀሐይ ሞቅ ብሏል። ሀጀራ ማሳው ጥግ ላይ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ ዶማ ይዛ ቆማለች። አፈሩ ተገላብጦ፣ ተከስክሶ፣ መደብ ወጥቶለት ጥቁርና እርጥብ ሆኗል። ከጎኗ በጣሳ የቃሪያ ችግኝ አለ። ከወዲያ ፍየሎቹ ይተራመሳሉ፤ አንደኛዋ አፍ ላይ የተንጠለጠለ አረንጓዴ ነገር ነበር፤ ነጅዋ እያየችው ገባ።

«መጣሽ የኔ ዓለም?» አለች ሀጀራ ላቧን እየጠረገች። «ይኸውልሽ፣ ለዳማከሴ ጥሩ መሬት ይዤ ከርሜያለሁ። ለሱማ ጓሮው መች አነሰኝ። ግን ሥሩ እንዴት ጠልቋል መሰለሽ! ለአንዲት ዳማከሴ ይሄ ሁሉ ሥር! ከንጋት ጀምሮ ስቆፍር ነው የነቀልኩት፤ አንዲት ጭራ አላስቀረሁም።»

ነጅዋ ከወገቧ ጎንበስ ብላ የተገለበጠውን አፈር በጣቶቿ በተነችው። ፈለገች። ምንም የለም።

ሀጀራ ዶማዋን ጣለችና ቀረብ አለች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ነጅዋ፣ ትናንት ሰው ፊት ስላሳፈርኩሽ አፉ በይኝ። አንቺ ይሄን ያህል ተምረሽ፣ እኔ አላዋቂዋ ከመሀል ተነስቼ ወላሂ በዪ አልኩሽ። ወላሂ ካልሽ በኋላ እንኳ እቤት እስክገባ ሆዴ ሲጠራጠርሽ ነበር። አላህ ይማረኝ፣ ዓይኔ ሳይከደን አደረ። የወንድሜን ልጅ በሐሰት መጠርጠር ምን ዓይነት ወንጀል ነው? አፉ በይኝ።»

ሐይቅ ስታዘጋጀው ያደረችው ያ ሁሉ ንግግር ነጅዋ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን ብትነግራት አሁን ምን ይመልስላታል? ተክሉን አይመልስም። የሚሰጣት አንድ ነገር ቢኖር በገዛ እጇ ምን እንደነቀለች ማወቅ ነው። እናቷ አደራ ብላ ያሳየቻትን፣ ያን ሁሉ ሰው ያዳነችበትን፣ በገዛ ዶማዋ። ነጅዋ ሲያቃጥላት ተሰማት፤ ትኩሳት ግን አልነበረም። ለአክስቷ ብላ ዝም እንዳለች፣ ለራሷ ብላም ዝም እንዳለች አወቀች፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አልለየችም።

«አፉ ብያለሁ እቴቴ» አለች።

«እፎይ! አልሀምዱሊላህ!» ሀጀራ ጉንጯን ሳመቻትና ፊቷ በራ። «በይ ስኳሩን አስቀምጪና እጅጌሽን ሰብስቢ። ፀሐዩ ሳይበረታ ችግኙን አቀብይኝ።»

ነጅዋ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ተንበረከከችና ችግኙን እየነጠለች አቀበለቻት።